ቀለመወርቅ ጾም እንዳይገድፍ

አምደሚካኤል ታክሲ መንዳት ካቆመ በኋላ ገበሬ ሆነ። መሬቱ ስልኩ ውስጥ ነው።

ዕድሜው ስልሳ አራት ነው። ከዚህ ውስጥ ሃያ ስድስቱን ዓመት ያሳለፈው አሜሪካ ውስጥ ከኤርፖርት ክሬንሾው፣ ከክሬንሾው ቶራንስ ሲመላለስ ነው። ጉልበቱ እምቢ ሲለው መኪናውን ሸጦ ቤት ተቀመጠ፤ ቤት መቀመጡ ግን ለእሱም ለሚስቱም አልተስማማም። ልጁ ሔለን አንድ እሑድ መጥታ «ባባ፣ እጅህን ሥራ አታስፈታው» አለችና «የኮረብታ መንደር» የሚባል ጌም ጫነችለት። ጌሙ ውስጥ አንድ ገበሬ አለ። ያርሳል፣ ያጭዳል፣ ላም ያልባል፣ ያበስላል፣ ይበላል። ሥራው ይኸው ነው።

ገበሬው ስም አልነበረውም፤ አምደሚካኤል ቀለመወርቅ አለው። ለምን ቀለመወርቅ እንዳለው ብጠይቀው «ፊቱ ቀለመወርቅ ይመስላል» አለኝ። ከዚያ በላይ ማብራሪያ አላገኘሁም። በሦስት ዓመት ውስጥ ቀለመወርቅ አሥራ አራት ላም፣ አንድ ወፍጮ፣ ጣሪያው ቀይ የሆነ ቤትና ዘጠና አንደኛ ደረጃ ነበረው። እኔ ፍልስፍና ተምሬ ሠላሳ ዓመት የመኪና ማቆሚያ ያስተዳደርኩ ሰው ስለሆንኩ በማንም ሥራ አልስቅም።

ሁዳዴ ሲገባ አምደሚካኤል ቀለመወርቅንም ያስጾመዋል። በመጀመሪያው ዓመት ይህን ስሰማ ገረመኝ።

«ምን በድሎህ ነው?» አልኩት።

«ጋሼ፣ እኔ ጎመን እየበላሁ እሱ ፊቴ ሥጋ ሲቆርጥ ልይ?»

«እሱ እኮ የለም።»

«እሱስ ልክ ነው። ላሞቹ ግን ወተታቸው ይታየኛል።»

ነገሩ አሳስቦት ለንስሐ አባቱ ነግሯቸው ነበር። ቄሱ ጥቂት አሰቡና «ሰውዬው ተጠምቋል?» አሉ። «አልተጠመቀም፣ አባ።» «እንግዲያ ጾሙ አይመለከተውም። ግን አንዴ ካስለመድከው አታስገድፈው፤ በእሱ የጀመርክ ወደ ራስህ ትመጣለህ።» አምደሚካኤል ከዚህ ምክር የመጨረሻዋን ይዞ ወጣ። ሦስት ሁዳዴ ቀለመወርቅ ጎመን፣ ባቄላና ደረቅ ዳቦ እየበላ ለፋሲካ ደረሰ።

በአራተኛው ዓመት፣ በጾሙ አምስተኛ ሳምንት ሰኞ ጠዋት፣ ጌሙ ራሱን አደሰ። ከዚያ ሰዓት ጀምሮ ቀለመወርቅ ወጥ ቤት የሚበስል ነገር ሁሉ ቅቤ ይገባበታል። ጎመኑ በቅቤ፣ ባቄላው በቅቤ፤ ዳቦው እንኳ ወተትና እንቁላል ገባበት። ቅቤ የሌለበት ምግብ የሚገኘው «አረንጓዴ ቅርጫት» በሚባል ነገር ውስጥ ብቻ ሲሆን፣ ቅርጫቱ በሳምንት አምስት ዶላር ነው። እዚያ ጌም ውስጥ ገበሬ ስምንት ልብ አለው፤ ሳይበላ የዋለ ዕለት አንድ ልብ ይቀነስበታል። ስምንቱም ካለቀ እርሻውን ጥሎ ወደ ከተማ ይሰደዳል። ከተሰደደ አይመለስም፤ ላሞቹም ወፍጮውም ሦስቱ ዓመትም አብረው ይጠፋሉ።

ማክሰኞ ዕለት አምደሚካኤል ይህን ሁሉ ሊነግረን እትዬ ሰርክ ሱቅ መጣ። እትዬ ሰርክ ፌርፋክስ ላይ በርበሬ፣ ሽሮና የቤተ ክርስቲያን ሻማ ይሸጣሉ፤ በመስኮቱ በኩል ለእኛ ለሥራ ፈቶቹ ሁለት ወንበርና አንድ የምስር ጆንያ አስቀምጠውልናል። ጆንያው የግርማ ነው። ግርማ የዩኒቨርሲቲ ጓደኛዬ ነው፤ ኢኮኖሚክስ አጥንቶ ቶራንስ ቢሮ ከፍቷል፤ ቢሮው ግን ብዙም አያየውም።

«ሰባት ልብ ቀርቶታል» አለ አምደሚካኤል ስልኩን እያሳየን። ቀለመወርቅ በሩ ላይ ቆሞ ሆዱን ይዟል።

«አምስት ዶላር ነው፤ ክፈልና ገላግለን» አሉ እትዬ ሰርክ።

«እትዬ፣ ጎመኑን ያበቀልኩት እኔ ነኝ። የገዛ ጎመኔን ቅቤ ቀብተው፣ ቅቤውን ላስለቅቅ አምስት ዶላር? ደግሞ ዘንድሮ ከከፈልኩ በየዓመቱ ሁዳዴን ይሸጡልኛል።»

«እንግዲያ ንገራቸው። ሱቅ ስከፍት ያወቅሁት አንድ ነገር ይኸ ነው፤ የሚያማርር ደንበኛ ተመልሶ ይመጣል። የሚያሳስበኝ ዝም ብሎ የሚቀረው ነው። ምን እንዳስቀየምኩት ሳላውቅ ሌላ ሱቅ አየዋለሁ።»

«ለማን ነው የሚነግረው?» አለ ግርማ ከጆንያው ላይ። «ኩባንያ ጆሮ የለውም፤ ያለው ኪስ ነው። ኪሱን ስትነካው ብቻ ነው ዞር ብሎ የሚያይህ።»

«አንተ ከኔ ሱቅ ስንት ነገር ገዝተህ ታውቃለህና ነው ስለ ኪስ የምታወራው?»

«ለዚህ ነው እትዬ የሚያከብሩኝ።»

እትዬ ሰርክ ወደ አምደሚካኤል ዞሩ። «አንድ ኮከብ ስጣቸው። ሰው ሁሉ እንደዚያ ነው የሚያደርገው አሉ።»

አምደሚካኤል ፊቱ ተለወጠ። ሥራ ከማቆሙ በፊት የመጨረሻዎቹን ሁለት ዓመታት በስልክ እየተጠራ ይነዳ ነበር። አንዱ ተሳፋሪ «ሾፌሩ አያወራም» ብሎ አንድ ኮከብ ሰጠው። በማግስቱ ይህን ሊያስተካክል አንዲቱን ሴት ከኤርፖርት ካልቨር ሲቲ ድረስ ሲያጫውታት ሄደ፤ «ሾፌሩ አያርፍም» ብላ እሷም አንድ ኮከብ ሰጠችው። ሁለቱ ኮከቦች ተደምረው የአንድ ሳምንት ሥራ አሳጡት።

«እኔ በሰው እንጀራ ላይ ኮከብ አልጥልም» አለ። «ደብዳቤ ይጻፍልኝ።»

ሁሉም ወደ እኔ አዩ። ይህ የተማረ ሰው ዕጣ ነው።

ሁለት ሰዓት ፈጅቼ ጻፍኩት። በአማርኛ አሰብኩት፣ ወደ እንግሊዝኛ መለስኩት፣ ሔለን በስልክ አረመችው። ሰው ሰላም ሳይባል አይከሰስምና በኩባንያው ባለቤቶች ጤና ጀመርኩ። ከዚያ የሠራተኞቹን፣ የቤተሰቦቻቸውን፤ ከዚያ ለሦስት ዓመት ስላገኘነው ደስታ ምስጋና፤ ከዚያ ሥራቸው እንዲሰፋ ምኞት። ቅቤው የሚነሳው በአራተኛው አንቀጽ ነበር። አራተኛው አንቀጽ ጥሩ አንቀጽ ነው፤ ዛሬም ቅጂው አለኝ።

ያላወቅነው ነገር፣ የኩባንያው የአስተያየት ሳጥን የሚቀበለው ሦስት መቶ ፊደል ብቻ መሆኑን ነው። ከሦስት መቶ በላይ የሆነውን ሳይናገር ይቆርጠዋል። ሐሙስ ዕለት መልስ መጣ፤ ያን ጊዜ ቀለመወርቅ አምስት ልብ ቀርቶታል። አምደሚካኤል መነጽሩን አድርጎ ለሁላችን አነበበልን፦ «ስለ ሞቅ ያለ መልእክትዎ ከልብ እናመሰግናለን። መላው ሠራተኞቻችን ደህና ናቸው። አስተያየትዎን በአምስት ኮከብ መዝግበነዋል። ለፍቅርዎ ይህችን ስጦታ ይቀበሉ።»

ስጦታዋ በጭስ የደረቀ የአሳማ እግር ናት። ቀለመወርቅ ቤት ጣሪያ ላይ ተሰቅላለች። ስጦታ ስለሆነች አትጣልም፣ አትሸጥም።

«ይቺን እንኳ ፋሲካም ቢደርስ አይበላትም» አለ አምደሚካኤል።

እትዬ ሰርክ እኔን አዩ። «ሰላምታው ምን ያህል ነበር?»

«እንደሚገባው» አልኩ።

«የርስዎ ሰላምታ በኔ ላይም ደርሷል። ሚጥሚጣ ሊገዙ መጥተው ሚጥሚጣ እስኪሉ እንጀራው ይሻግታል።»

መናገር ካልተሳካ ተራው የግርማ ሆነ። ከጆንያው ተነሣ፤ ለግርማ ይህ ትልቅ ነገር ነው።

«አሁን በኪስ ድምፅ እንሰጣለን። አምደሚካኤል፣ እስከ ዛሬ ስንት ከፍለሃቸዋል?»

«ምንም። ጌሙ ነፃ ነው።»

«ይኸው ችግሩ። ከፍሎ የማያውቅ ሰው መክፈል አቆምኩ ቢል ማን ያውቅለታል? የምርጫ ካርድ ሳትወስድ ድምፅ መንፈግ የለም። መጀመሪያ ደንበኛ ሁን። ከዚያ ተዋቸው።»

«ሶ፣ መክፈል ለማቆም ልክፈል?»

«ትንሽ ክፈል። ያን ጊዜ መሄድህ ይታወቃል።»

«ቅርጫቱን ልግዛና ከዚያ ልተወው?»

«ቅርጫቱን ከገዛህ ተሸነፍክ። የማትፈልገውን ግዛ።»

እኔ ብዙ ዓመት ስለ ነፃ ፈቃድ አንብቤአለሁ፤ ይህን ክርክር ግን የትም አላነበብኩም። ዓርብ ዕለት አምደሚካኤል በወር ሁለት ዶላር የሚከፈልበት የገለባ ባርኔጣ ገዛ። ቀለመወርቅ አራት ልብ ይዞ ባርኔጣውን አጠለቀ። ቅዳሜ ካንስል አደረገው። ቅዳሜን በሙሉ ስልኩ ጠረጴዛ ላይ ተቀምጦ፣ እኛ ዙሪያውን ከበን፣ የኩባንያውን መደንገጥ ጠበቅን።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ መልእክት ገባ። «ናፍቀውናል። ተመልሰው ይጎበኙን ዘንድ ሌላ ባርኔጣ በነፃ ሰጥተንዎታል።»

«አየህ፣ ደነገጡ» አለ ግርማ።

«ደንግጠው ባርኔጣ ሰጡኝ» አለ አምደሚካኤል። ጌሙ ሁለተኛውን በመጀመሪያው ላይ ደርቦለት ነበር። ቀለመወርቅ በሁለት ልብ፣ በሁለት ባርኔጣ፣ የአሳማ እግር ከራሱ በላይ ተሰቅሎ፣ ሆዱን ይዞ ቆሟል።

ሳቅ አፌ ላይ ነበር። አምደሚካኤል ግን አልሳቀም። «ጋሼ» አለኝ ዝቅ ብሎ፣ «ሞኝነት መሆኑን አውቃለሁ። ግን ጠዋት ስነሣ ሥራ ያለኝ እዚያ ነው። ነገ ካልበላ ይሄዳል።»

ከዚህ በኋላ ፍልስፍና አላዋጣኝም። «ሽማግሌ እንልካለን» አልኩ።

ግርማ ለብቻው ረጅም ሳቀ። ሰኞ ጠዋት ግን ሙሉ ልብስና ከረባት አድርጎ ከሁላችን ቀድሞ የደረሰው እሱ ነው። እትዬ ሰርክ ሱቃቸውን ዘግተው ነጠላቸውን ለብሰው መጡ። የኩባንያው ቢሮ ካልቨር ሲቲ ነው፤ አምደሚካኤል የግርማን መኪና እየነዳ በሃያ ደቂቃ አደረሰን። በደንቡ በዳዩ ዘንድ ሽማግሌ ሲሄድ ተበዳይ አብሮ አይገባም። ስልኩ ግን በአምደሚካኤል ጣት ብቻ ነው የሚከፈተው፤ ስለዚህ ከመስታወቱ በር ውጭ ስልኩን ይዞ እንዲቆም ተስማማን።

እንግዳ ተቀባዩ ጆሮው ላይ ነጭ ነገር የሰካ ልጅ ነው። «ቀጠሮ አላችሁ?» አለ።

«ጉዳይ ነው ያለን» አልኩ።

«እሺ፣ ሰው እጠራለሁ። ተቀመጡ።»

«አንቀመጥም» አለ ግርማ። «የመጣንበትን እሺ ስትሉን እንቀመጣለን።»

ሽማግሌ ቃል ሳያገኝ አይቀመጥም፤ ይህን እናንተ ታውቃላችሁ። ልጁ አላወቀም። የወንበሩ ነገር ይሆናል ብሎ ሌላ፣ ቆዳ የለበሰ ወንበር አመጣ። አልተቀመጥንም። እንደ ዱባ የከበበ ትልቅ ትራስ ጎትቶ አመጣ፤ እትዬ ሰርክ አይተውት «እዚህ ላይ ከተቀመጥኩ የሚያነሣኝ የለም» አሉ በአማርኛ። በመጨረሻ ከየት እንዳገኘው አላውቅም፣ የሕመምተኛ ተሽከርካሪ ወንበር ይዞ መጣና አንዴ እኔን፣ አንዴ ግርማን አየ። ግርማ ተቀየመ።

ከሃያ ደቂቃ በኋላ ከደንበኞች ክፍል አንዲት ሴት ወጣች። እሷም መቀመጥ አሳፍሯት ቆመች። ጉዳዩን አስረዳሁ፤ ከአራት ቀን በፊት የተማርኩት ትምህርት ስለነበረ ሰላምታውን በአምስት ቃል ጨረስኩት። ያለ ኮት የወጣሁ ይመስል ሰውነቴን ቀዝቀዝ አለኝ። ሴትዮዋ የአምደሚካኤልን ስም ተቀብላ በያዘችው ሰሌዳ ላይ ፈለገችና ፊቷ ፈካ።

«ምን አስቀየማቸው? አምስት ኮከብ ሰጥተውናል። ባርኔጣ ገዝተዋል። የሰጠናቸውን ሁለተኛ ባርኔጣ አድርገዋል። የአሳማ እግሯንም እስከ ዛሬ ሳይበሉ አስቀምጠዋታል። በእኛ አቆጣጠር በዚህ ወር በጣም ከተደሰቱት ደንበኞቻችን አንዱ ናቸው።»

በመስታወቱ በኩል አምደሚካኤልን ሁላችንም አየነው። በጣም የተደሰተው ደንበኛ ግንባሩን መስታወቱ ላይ አስደግፏል።

«እሱ ጾመኛ ነው» አልኩ። «ገበሬውም ጾመኛ ነው። ለሃምሳ አምስት ቀን ሥጋ፣ ወተት፣ ቅቤ አይበላም። ዛሬ አንድ ልብ ነው የቀረው።»

ሴትዮዋ አፏን ልትከፍት ስትል፣ ከኋላዋ ሻይ ሊቀዳ የወጣ የቤት ነጠላ ጫማ ያደረገ ረጅም ሰውዬ ኩባያውን ጠረጴዛ ላይ አስቀመጠ።

«ሃምሳ አምስት ቀን?» አለ። «በየካቲት ወይም በመጋቢት የሚጀምረው?»

«አዎ።»

«እናንተ ናችሁ?»

የጌሙን ኮድ የሚጽፈው እሱ ነው። ሦስት ዓመት ሙሉ በየጸደዩ ጥቂት መቶ ገበሬዎች በአንድ ቀን ላም ማለብ ያቆማሉ፣ ጎመን ብቻ ይበላሉ፣ ከዚያ ሁሉም በአንድ እሑድ ዶሮ ያርዳሉ። ብልሽት መስሎት ስድስት ሳምንት ሲፈልገው ኖሯል። ይባስ ብሎ ቀኑ በየዓመቱ ይለዋወጥበታል። «ቀኑ ሲንቀሳቀስ የማብድ መሰለኝ» አለ። «ምክንያቱን ሳጣ አዘንኩላቸው። ተርበዋል አልኩ። ሳያስቡትም እንዲወፍሩ ብዬ ምግቡ ሁሉ ላይ ቅቤ ጨመርኩ።»

«ታዲያ ቅርጫቱስ?» አለ ግርማ፤ ኪስ አይረሳም።

«እሱ የሽያጭ ክፍል ነው። የቀድሞው ጎመን ተፈላጊ ነበር ብለው ደርሰውበት ነው።»

አንድ ሰው ሦስት ዓመት ሙሉ በየቀኑ ሲያየን ኖሯል፤ እያንዳንዱን ጉርሻ ቆጥሯል፤ ከሁሉም ደግሞ አዝኖልናል። እንዲህ ተጠንቅቆ የተመለከተኝ ሰው በሕይወቴ ያለ አይመስለኝም፤ ውጤቱም ቅቤ ሆነ።

«በር ላይ ላሉት ሰው የሆነ ነገር ልንልክላቸው እንችላለን» አለች ሴትዮዋ።

«እባክሽ ምንም አትላኪለት» አሉ እትዬ ሰርክ። «ቅቤውን አንሡ። ለእሱ ብቻ አይደለም፤ ለጥቂት መቶዎቹም። እሱ የላከን እንደሱ ብሎ ነው።» አምደሚካኤል እንደሱ አላለም፤ ግን በመስታወቱ በኩል በእሺታ ራሱን ነቀነቀ።

ሴትዮዋ ለማስወሰን ሁለት ሳምንት እንደሚፈጅ ተናገረች። ባለ ነጠላ ጫማው ሰውዬ የግርማን ጉልበት አየ። ጉልበቱ ይንቀጠቀጥ ነበር።

«ይቀመጡ እንጂ» አለው።

«እሺ በለን» አለ ግርማ።

ሰውዬው ተመልሶ ገባ። ሩብ ሰዓት ቆየ፤ ከውስጥ የሚከራከር ድምፅ ተሰማ። ሲወጣ «እሺ» አለ። «ቅቤውን ሰው ራሱ እንዲመርጥ አድርጌዋለሁ። ድስት በተጣደ ቁጥር ይጠይቃል።»

አምደሚካኤል ያን ጊዜ ገባ። ጌሙን ከፈተ፣ ጎመን ጣደ፣ ጥያቄው መጣ፣ መለሰ። ቀለመወርቅ ሳህኑን አንሥቶ በላ። አንዱ ልብ ሁለት ሆነ። ሁላችንም ስልኩ ላይ ጎንበስ ብለን ስናይ እንግዳ ተቀባዩ ልጅ ሳይቀር ጎንበስ ብሏል።

«በላ» አለ አምደሚካኤል።

ተቀመጥን። ግርማ የያዘው ተሽከርካሪውን ወንበር ነው፤ እትዬ ሰርክ ቅቤውን ያስነሣው የእሳቸው ንግግር ነው ሲሉ፣ እሱ ሁለት ዶላሩ ነው ሲል ክርክሩ ወዲያው ተጀመረ። ሰውዬው ግን የእነሱን አልሰማም፤ አምደሚካኤል አጠገብ ተቀምጦ ነበር።

«አንድ ነገር ልጠይቅህ» አለው። «ቀኑ ለምንድነው የሚንቀሳቀሰው? የሚመጣውን ዓመት ከወዲሁ ማወቅ ይቻላል?»

አምደሚካኤል ታክሲ ነጂ ከመሆኑ በፊት፣ ስደተኛም ከመሆኑ በፊት፣ እስከ አሥራ ሰባት ዓመቱ ዲያቆን ነበር፤ የጾምና የበዓል ቀን የሚወጣበትን ባሕረ ሐሳብ ከመምህሩ እግር ሥር ተቀምጦ ተምሯል። ይህን የጠየቀው ሰው በአሜሪካ ምድር ይኸ የመጀመሪያው ነው።

«የሺህ ዓመትም ማወቅ ይቻላል» አለ። «መጻፊያ አለህ?»

ሰውዬው ግድግዳ የሚያህል ነጭ ሰሌዳ እየገፋ አመጣ። አምደሚካኤል ኮቱን አወለቀ። በዓመተ ዓለሙ ጀመረ፣ ለአሥራ ዘጠኝ አካፈለ፣ አበቅቴን አወጣ፣ ወደ መጥቅዕ ገባ፤ ሰውዬው «ቆይ፣ ቆይ፣ ይህን ድገመው» እያለ ይጽፋል፤ ሁለት ባልደረቦቹም ከውስጥ ወጥተው ቆሙ። ሰሌዳው ከግማሽ በላይ ሲሞላ አምደሚካኤል ስልኩን እንደያዘ ትዝ አለው።

«ጋሼ፣ ቀለመወርቅን ይያዙልኝ» ብሎ ሰጠኝ። «አንድ ሳህን አይበቃውም።»

በሰባ አንድ ዓመቴ፣ ካልቨር ሲቲ ውስጥ፣ ዱባ በሚመስለው ትራስ ላይ ሰምጬ ጎመን ጣድኩ። ስልኩ ቅቤ ይግባ ወይ ብሎ ጠየቀኝ። አይግባ አልኩት።